የልምድ ነጥብ ለምን ይሰጣል?

አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንዱ አጫዋች ነው፤ የጨዋታውን ዓለም የሚተርከው፣ ጭራቁንም ነጋዴውንም ወክሎ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘዋል፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ የተቆለፈ በር የሚከፍት ሌባ። ምን እንደሚያደርጉ በቃል ይናገራሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ጨዋታው በአንድ ምሽት የሚያልቅ አይደለም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይዘልቃል፤ በዚህ መካከል ገጸ ባሕርያቱ እየበሰሉ፣ ቀድሞ ያቃታቸውን እየቻሉ ይሄዳሉ። ይህ እድገት በአብዛኛው የሚለካው በልምድ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ገጸ ባሕርዩ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል።

ብዙ ጀማሪ አጫዋቾች ነጥቡን ከምሽቱ ፍጻሜ በኋላ የሚሠራ ሒሳብ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን የጨዋታውን ጠባይ ከምንም በላይ የሚወስነው ነጥቡ ነው ባይ ነኝ። ተጫዋች ነጥብ ወደሚገኝበት ይሄዳልና።

ለዚህ በዓይነቱ ከሁሉ የታወቀው ጨዋታ ራሱ ምስክር ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አሜሪካ ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በቀደሙት ሕጎቹ ከጭራቆች ዋሻ በሰላም የወጣ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ያስገኝ ነበር። በ1981ዱ የጀማሪዎች እትም ተዋጊ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 2,000 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ጎብሊን የሚባለውን ትንሽ ጭራቅ ማሸነፍ ግን የሚያስገኘው 5 ነጥብ ብቻ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ተዋጊ በውጊያ ብቻ ልደግ ቢል 400 ጎብሊን ሊጥል ነው! 2,000 ሳንቲም የያዘ አንድ ሣጥን ግን ያንኑ ያህል ያስገኝለታል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋቾች ውጊያን ይሸሹ ነበር። ጠባቂውን ያታልላሉ፣ ከጭራቁ ጋር ይደራደራሉ፣ በጓሮ በር ገብተው ሣጥኑን ይዘው ይወጣሉ። እንዲህ አድርጉ ብሎ የሰበካቸው የለም፤ ያስተማራቸው የነጥቡ አሰጣጥ ነው።

በኋላ ሕጉ ተለወጠ። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ለወርቅ ነጥብ መስጠት የግድ መሆኑ ቀረና ለአጫዋቹ ምርጫ ተተወ። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ደግሞ ጎብሊን 50 ነጥብ ያወጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚደረሰው በ300 ነው። ያ 400 የነበረው ቁጥር ወደ 6 ወረደ ማለት ነው። በነጥብ የሚሄድ ጠረጴዛ ጎራዴ ለመምዘዝ ቢቸኩል አያስደንቅም። ይህ እትም ሌላ መንገድም ይፈቅዳል፦ ነጥብ ሳይቆጠር፣ ታሪኩ ትልቅ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም በአንድነት ደረጃ ያድጋሉ። ረጅም ታሪክ ለሚወድ ቡድን ይህ ይስማማዋል፤ የራሱን ግብ ራሱ መምረጥ ለሚወድ ቡድን ግን አጫዋቹ ወደፈለገው መገፋት ሊመስለው ይችላል።

ጨርሶ በነጥብ የማይሄዱም አሉ። ካኦዚየም በ1981 ባሳተመው ኮል ኦፍ ክቱሉ ገጸ ባሕርይ የሚያድገው በሠራበት ችሎታ ነው። በጨዋታው ውስጥ የተሳካለት ችሎታ ምልክት ይደረግበታል፤ በኋላ ከመቶ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ካለው ችሎታ ከበለጠ ችሎታው ይጨምራል። ችሎታው 30 የሆነ ሰው የማደግ ዕድሉ 70 በመቶ ነው፤ 90 የደረሰው ግን 10 በመቶ ብቻ ይቀረዋል። ጀማሪ በፍጥነት ይማራል፣ የበቃ ሰው በዝግታ። ሕይወትን የሚመስል አሠራር በመሆኑ በጣም እወደዋለሁ።

በ2012 የወጣው ደንጀን ወርልድ ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው ለወደቀ ነው፤ የሁለት ዳይስ ድምር ከነጭማሪው 6 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ተጫዋቹ አንድ ነጥብ ይመዘግባል። ውድቀት እንኳ ትርፍ ካለው ሰው ለመሞከር አይፈራም። በምሽቱ መጨረሻም አጫዋቹ መላውን ቡድን ይጠይቃል፦ ስለ ዓለሙ አዲስና ጠቃሚ ነገር አወቅን? ብርቱ ጠላት አሸነፍን? የማይረሳ ሀብት አገኘን? ለእያንዳንዱ አዎንታ ሁሉም አንድ አንድ ነጥብ ያገኛሉ።

አጫዋች ልትሆኑ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከዚህ የምመክራችሁ ይህን የጋራ ጥያቄ ነው። አሳምሮ ለተወነ ሰው ለብቻው ነጥብ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ተናጋሪውን እየሸለመ ዝምተኛውን ወደ ኋላ ያስቀራል። በሥራ ምክንያት አንድ ምሽት የቀረውንም ከጓደኞቹ በታች አታድርጉት፤ ደካማ ገጸ ባሕርይ ይዞ መምጣት የመምጣት ፍላጎቱን ይገድልበታል። ከሁሉ በፊት ግን ነጥብ በምን እንደሚገኝ ጨዋታው ሳይጀመር ተናገሩ፤ ያልታወቀ ሽልማት ማንንም ወደ የትም አይመራም። ቡድናችሁ ምርመራ የሚወድ ከሆነ ለተፈታ ምስጢር፣ ጉዞ የሚወድ ከሆነ ለተደረሰበት አዲስ ስፍራ ስጡ። በሚቀጥለው ስትገናኙ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ተጫዋቾቻችሁን ምን መጫወት እንደሚወዱ ጠይቋቸውና የራሳችሁን ሦስት ጥያቄዎች አብራችሁ ጻፉ።