ድምፅን ያለ ገመድ በየክፍሉ ስለሚያዳርሱ መሣሪያዎች፤ በቃሊቲ በአንድ መኖሪያ ቤት የተገኘ ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች የሚመጣ ገዢ የሚጠይቀው አንድ አዲስ ዓይነት ዕቃ አለ። ይኸውም በሳሎን፣ በመኝታ ቤትና በማድ ቤት ተለያይቶ ተቀምጦ፤ የድምፅ ገመድ ሳይዘረጋለት፤ ከአንድ የእጅ ስልክ በሚሰጠው ትእዛዝ አንዱን ዜማ ወይም አንዱን ንግግር በሁሉም ክፍል እኩል የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ነው። ስለዚህ ዕቃ ጥቅም በካርቶኑ ላይ ብዙ ተጽፏል። ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ግን በካርቶኑ ላይ አልተጻፈምና፤ በቅርብ ሆኜ ያየሁትን ለክቡራን አንባቢዎች ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ድምፅን ያለ ገመድ መላክ ለአቃቂ ቃሊቲ እንግዳ ሥራ አይደለም። በ1927 ዓ. ም. ተመርቆ ሥራውን የጀመረው የአቃቂው የራዲዮ ጣቢያ የነበረው በዚሁ በከተማችን ደቡብ በኩል ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን፤ በሚቀጥለው ዓመት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የኢትዮጵያን ቃል ወደ ውጭ አገር ያስተላለፈው ይኸው ጣቢያ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ከአቃቂ የተነሣ ድምፅ ባሕር ሲሻገር፤ እኛ በዚያው አካባቢ ድምፅን ከሳሎን ወደ ጓሮ ለማሻገር ሁለት ሳምንት መድከማችን ጥቂት ያሳፍራል። ነገር ግን ድካሙ ትምህርት ስለ ሰጠን አልተጸጸትንበትም።

በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ሲሆኑ፤ መጋዘናቸውም መኖሪያ ቤታቸውም በቃሊቲ ነው። አንድ የውጭ አገር ላኪ 200 ድምፅ ማጉያዎች በአንድ ጊዜ ብናዝ ዋጋ የሚቀንስልን መሆኑን ገልጦ ፕሮፎርማ ላከልን። ዋጋው የሚያጓጓ ነበር። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፤ በማይሸጥ ዕቃ ላይ የታሰረ ገንዘብ አስመጪውን እንዴት እንደሚጐዳ የማያውቅ የለም። ስለዚህ አሠሪዬ «በቤቴ ያልሠራውን ዕቃ ለሰው ቤት አልሸጥም፤ አስቀድመህ 4 ለናሙና እንዲልኩልን ጻፍላቸው» አሉኝ፤ እኔም ጻፍሁ።

አሠሪዬ ለዚህ ሙከራ የተቻኰሉበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈው እናታቸው ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ ከትልቁ ቤት 15 ሜትር ያህል ርቆ በጓሮ በኩል በተሠራላቸው ቤት ይኖራሉ። እማማ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የትንሣኤን ሌሊት ቅዳሴ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሳሎን ተሰብስበው ሲሰሙ፤ እርሳቸውም በአልጋቸው ሆነው ያንኑ ቃል በዚያው ደቂቃ መስማት ነው።

ናሙናዎቹ እንደ ደረሱ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ አንዱን በሳሎን፣ አንዱን በማድ ቤት፣ አንዱን በፎቅ መኝታ ቤት፣ አራተኛውን በእማማ ቤት አኖራቸው። ማታ ሲሞከር ግን ስልኩ ከአራቱ ያገኘው ሁለቱን ብቻ ነበር። የፎቁ ድምፅ ይቈራረጣል፤ የእማማ ቤት ጨርሶ አልታየም። ባለሙያው ለጊዜው መፍትሔ ይሆናል ብሎ በእማማ ራስጌ ሌላ ስልክ አስቀምጦ፤ ያንኑ ስርጭት ከፍቶ፤ በብሉቱዝ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው። ሌሊቱ ጸጥ ያለ፤ መስኮቱም ክፍት ስለ ነበር የሳሎኑ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፤ የራስጌው ሦስት ቃል ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። እማማም «ልጄ፤ ቄሱ አንድ ጊዜ የሚሉትን ገደል ማሚቶው ይደግምልኛል፤ የቱን ልከተል?» አሉኝ። አሠሪዬ ይህን ሲሰሙ የ200ውን ዕቃ ፕሮፎርማ አጥፈው በመሳቢያ ውስጥ አኖሩት።

በማግሥቱ ምክንያቱን አንድ በአንድ መመርመር ጀመርን። ዕቃው አልተበላሸም፤ የተሳሳተው አገጣጠሙ ነበር። የተገኙትም ስሕተቶች በማናቸውም ገዢ ቤት ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት ብሉቱዝንና ዋይፋይን እንደ አንድ ነገር መቍጠር ነው። ብሉቱዝ በተለመደው አሠራሩ አንድ ስልክን ከአንድ ድምፅ ማጉያ ጋር የሚያገናኝ፤ ለቅርብ ርቀት የታሰበ መንገድ ነው፤ ግድግዳ ሲበዛ ይደክማል፤ ስልኩን የያዘው ሰው ከግቢ ከወጣ ድምፁ አብሮት ይሄዳል። በዋይፋይ የሚሠራው ድምፅ ማጉያ ግን ድምፁን ራሱ ከቤቱ ኔትዎርክ ይወስዳል፤ ስልኩ ብዙ ጊዜ አዛዥ ብቻ ነው። ስለዚህ በየክፍሉ ድምፅ ማዳረስ ለሚፈልግ ገዢ በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራውን ርካሽ ዕቃ መሸጥ ደንበኛን ማጣት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የራውተሩ አቀማመጥ ነው። ራውተሩ የስልክ መሥመሩ በገባበት ጥግ፤ ከቴሌቪዥኑ በስተኋላ በቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ነበር። በእኛ አገር ቤት በብሎኬትና በፌሮ ብረት በተሞላ ኮንክሪት ይሠራል፤ የዋይፋይ ሞገድ ደግሞ ይህን ዓይነት ግድግዳና ወለል ሲያልፍ ብዙ ኀይሉን ያጣል፤ ብረትና ቆርቆሮ ሲገጥመው ወደ ኋላ ይመለሳል። ዋይፋይ በዋናነት የሚሠራባቸው ሁለት የሞገድ ክፍሎች 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ ናቸው። የመጀመሪያው ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተርና ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ ይሻሙበታል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግድግዳን ግን ቶሎ ይሸነፋል። ራውተሩን ከሣጥኑ አውጥተን በቤቱ መካከል ከደረጃው ራስ ላይ ስናስቀምጠውና የማድ ቤቱን ድምፅ ማጉያ ከማይክሮዌቩ ስናርቀው የፎቁም የማድ ቤቱም ድምፅ ተስተካከለ።

ሦስተኛው ስሕተት እማማን ከቤተሰቡ የለየው ነው። ባለሙያው በጓሮው ቤት ሁለተኛ ራውተር ሲተክል፤ ያ ራውተር የራሱን አዲስ ኔትዎርክ መሠረተ። ሁለቱም ከኢንተርኔት ጋር ስለሚገናኙ ነገሩ የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንዱ ኔትዎርክ ያለ ስልክ በሌላው ያለውን ድምፅ ማጉያ አያየውም። ለእንግዳ ተብሎ የሚከፈተው ዋይፋይም ይህንኑ ያደርጋል። መድኀኒቱ ቀላል ነበር፤ ከዋናው ራውተር እስከ ጓሮው ቤት ድረስ የኔትዎርክ ኬብል በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈን፤ ሁለተኛውን ራውተር አድራሻ እንዳያድል ከልክለን፤ ሞገድ አከፋፋይ ብቻ እንዲሆን አደረግነው። የዚህ ዓይነት ኬብል በአንድ ዝርጋታ እስከ 100 ሜትር ስለሚያገለግል ለአብዛኛው ግቢ ይበቃል። «ያለ ገመድ» የተባለው ዕቃ በደንብ የሠራው አንድ ገመድ ሲዘረጋለት መሆኑን ሻጮች ልብ ይበሉ።

የቀረው ድምፁን በአንድነት ማስኬድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የሰው ጆሮም ከሰከንድ ሺህ እጅ የጥቂት አሥር እጅ መዘግየትን ይለያል። ስለዚህ ድምፅ ማጉያዎቹ በየራሳቸው ቢከፈቱ እኩል ሊሄዱ አይችሉም፤ በአንድ ቡድን መመዝገብ አለባቸው። ያን ጊዜ ሰዓታቸውን ከአንድ ሰዓት ጋር ያመሳክራሉ፤ ከድምፁም ጥቂቱን አስቀድመው ተቀብለው ያኖሩና በተቈረጠው ቅጽበት በአንድነት ይለቁታል። ይህም በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በመሪው አነሣሥ መቋሚያቸውን በአንድነት እንደሚያነሡና እንደሚጥሉ ያለ ነው። ሆኖም ከሳሎኑ በመስኮት የሚወጣው ድምፅ 15 ሜትር ለመጓዝ ከሰከንድ ሺህ እጅ 44 እጅ ያህል ስለሚፈጅ፤ ይህን ማሽን አያድነውም፤ የሳሎኑን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ወይም መስኮት መዝጋት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ አሠሪዬ ለአስመጪ የሚጠቅሙትን ነገሮች እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ስለ ኤሌክትሪክ፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በዕቃው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ይሠራል፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ በተለይ መታየት አለበት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ድምፅ ማጉያዎቹ ከራውተሩ ቀድመው ተነሥተው ኔትዎርክ ሊያጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ለራውተሩ አነስተኛ ባትሪ ማብጀትና ለያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ቋሚ አድራሻ መመደብ ብዙ አቤቱታ ያስቀራል።

ስለ ኢንተርኔት ወጪ፤ በሰከንድ 160 ኪሎቢት የሚፈስስ ስርጭት በሰዓት 72 ሜጋባይት ይወስዳል። በቀን 4 ሰዓት ቢሰማ በ30 ቀን 8.6 ጊጋባይት ያህል ነው። በኪሎ ለሚከፍል ሰው እንደሚመዘን ሁሉ፤ በመጠን ለሚከፍል ደንበኛ ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዜማውን በቤት ውስጥ ባለ ማኅደር ያከማቸ ሰው ግን፤ ዕቃው ይህን የሚቀበል ዓይነት ከሆነ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ማዳመጡን አይተውም፤ የቤቱ ኔትዎርክ በራሱ ይሠራልና።

ስለ ዕቃው ዕድሜ፤ ጣቃና ስኳር ከተሸጠ በኋላ ከፋብሪካው ጋር ጉዳይ የለውም። ይህ ዕቃ ግን ከተሸጠ በኋላም በሠሪው ፕሮግራም ይመራል። በዚህ ንግድ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው የአሜሪካው ሶኖስ እ. ኤ. አ. በ2002 ተቋቁሞ በ2005 የመጀመሪያ ዕቃውን ለገበያ አቀረበ። በ2020 አሮጌ ዕቃዎቹ አዲስ ፕሮግራም እንደማይደርሳቸው ሲያስታውቅ ከደንበኞቹ ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት፤ በ2024 ያወጣው አዲስ የስልክ ፕሮግራምም ጉድለት ስለ በዛበት ብዙ ተጠቃሚ አስመርሮ፤ በ2025 መጀመሪያ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሥራቸውን ለቀዋል። ጉግልም በ2015 ለገበያ ያቀረበውን ክሮምካስት ኦዲዮ በ2019 መሥራት አቁሟል። ስለዚህ አስመጪ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው፤ ሠሪው ዕቃውን እስከ ስንት ዓመት እንደሚደግፍ መሆን አለበት።

ስለ ፈቃድ፤ እነዚህ ዕቃዎች የራዲዮ ሞገድ አስተላላፊዎች ስለ ሆኑ፤ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 ወደ ተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቀርቦ የዕቃው ዓይነት ማረጋገጫ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን መጠየቅ የሚገባው ከማዘዝ በፊት ነው። ዕቃው ቃሊቲ ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ኪራይ መክፈል ነው።

ለባለሱቆችም አሠሪዬ አምስት ጥያቄዎች አዘጋጅተዋል፤ ገንዘብ ከመቀበል በፊት ለገዢው የሚቀርቡ ናቸው። 1ኛ፤ ቤቱ ስንት ክፍል ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው ከምን ተሠራ? 2ኛ፤ ራውተሩ የት ተቀመጠ፤ ከአንድ በላይ ነውን? 3ኛ፤ የቤተሰቡ ስልኮች አይፎን ናቸው ወይስ አንድሮይድ? የአፕሉ ኤርፕሌይ 2 ለአይፎን እንደሚስማማ ሁሉ፤ ለአንድሮይድ ጉግል ካስት ይስማማልና። 4ኛ፤ ከዚህ በፊት የተገዛ ድምፅ ማጉያ ካለ የማን ሥራ ነው? የተለያዩ ሠሪዎች ዕቃ አንድ ቋንቋ ካልተናገረ በአንድ ቡድን አይገባም። 5ኛ፤ የሚያዳምጠው ማን ነው? እንደ እማማ ስልክ መነካካት ለማይወድ ሰው በራሱ ላይ ቍልፍ ያለው ዕቃ መምረጥ ይገባል።

በመጨረሻ አሠሪዬ ፕሮፎርማውን ከመሳቢያ አውጥተው 200 የሚለውን ሰርዘው 40 አደረጉት። በተረፈው ገንዘብ ራውተርና ኬብል እንዲገዛ፤ የሚሸጠውም ሁሉ በባለሙያ ተገጥሞ ከተሞከረ በኋላ ዋስትና እንዲሰጥበት ወሰኑ። «የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ» እንደሚባለው፤ ሁለት ሳምንት መዘግየታችን አንድ መጋዘን ሙሉ ዕቃ ከመልቀም አድኖናል።

የትንሣኤ ሌሊት አራቱም ድምፅ ማጉያዎች በአንድነት ሠሩ። ወደ ጓሮው ቤት ሄጄ «እማማ፤ ዛሬስ ገደል ማሚቶው አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው፤ ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም እንድል አመለከቱኝ። እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።