ሕንፃ መሳል ከየት ይጀመራል?

ብዙ ጀማሪዎች ሕንፃ ሲስሉ ቀጥታ ወደ በርና መስኮት ይሮጣሉ። እኔ እንደ አርክቴክት የምመክረው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። ጎንደር ያለውን የአፄ ፋሲለደስን ግንብ ምሳሌ እናድርግ።

1. ጥቅል ቅርፁን ያዙ። ግንቡ በመሠረቱ ሣጥን ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች ቆመዋል። እርሳሱን ሳትጫኑ ይህንን ብቻ አስቀምጡ።

2. ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በእርሳሱ ለኩ። የማማው ወርድ በቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? መጠኑ ከተዛባ የትኛውም ጌጥ አያድነውም።

3. የዓይናችሁን ከፍታ በአግድም መስመር አመልክቱ። ከመስመሩ በላይ ያሉት የግድግዳ ጠርዞች እየራቁ ሲሄዱ ወደ መስመሩ ይወርዳሉ፤ ከሥር ያሉት ይወጣሉ። የማማው አናት ከዓይን በላይ ስለሆነ ዙሪያው ወደ ላይ ይጎብጣል። ቀጥ አድርጋችሁ ከሳላችሁት ማማው ጠፍጣፋ ይመስላል።

4. ጥላውን ለዩ። ጠፍጣፋው ግድግዳ ጥግ ላይ በአንዴ ይጨልማል፤ ክቡ ማማ ግን ቀስ በቀስ።

5. በውሃ ቀለም ከፈዛዛው ወደ ደማቁ ሂዱ። ድንጋዩ ቡናማ ነው፤ የበርና የመስኮቱ ዙሪያ ወደ ቀይ ያደላል። ድንጋዩን ሁሉ አትቁጠሩ፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ጥቂቱን ማሳየት ይበቃል።

ጎንደር ባትሆኑም ሰፈራችሁ ያለ አሮጌ ቤት በቂ አስተማሪ ነው። ከፎቶ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ሳሉት። ሕንፃን በእጁ የሳለ ሰው አሠራሩን ይረዳል፤ የተረዳውን ደግሞ ሲፈርስ ዝም ብሎ አያይም።