ተጨማሪ መረጃ፦ ሶፍሪቶ፣ የስፔኖች ቁሌት

የእኛ ወጥ በቁሌት እንደሚጀምር፣ ብዙው የስፔን ወጥም በሶፍሪቶ ይጀምራል። ቃሉ «በቀስታ መጥበስ» ከሚል ግሥ የመጣ ነው። እኛ ሽንኩርቱን ብዙ ጊዜ ያለ ዘይት እናቁላላለን፤ እነሱ ግን ከመጀመሪያው ከወይራ ዘይት ጋር ይጥዱታል።

ለ4 ሰው አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቆ መክተፍ፣ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በዝግተኛ እሳት 15 ደቂቃ ያህል ማብሰል። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከተላሉ፤ ከዚያም 4 የተከተፉ ቲማቲሞችና ጨው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቲማቲሙ ገና ውሃ እንዳዘለ ያወርደዋል፣ ጥሬ ጥሬ ይላል። ውሃው መጥጦ ዘይቱ ከዳር ብቅ ሲል ነው የሚደርሰው። አትቸኩሉ።

የተቀቀለ ሽምብራና ስፒናች ቢገባበት ምሳ ሆነ። በእነዚህ ምትክ ዝኩኒ ቢጨመርበት ደግሞ በስፔን ላ ማንቻ ምድር «ፒስቶ» የሚባለው ምግብ ነው፤ ከላይ የተጠበሰ እንቁላል ያደርጉበታል (በጾም ቀን እንቁላሉ ይቅር)።

የሚገርመው ቲማቲሙ ኋላ የመጣ እንግዳ መሆኑ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የካታሎኒያ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሶፍሪቶን ያነሣል፤ ቲማቲም ግን ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ የተሻገረው ከኮሎምበስ ጉዞ (1492 እ.ኤ.አ.) በኋላ ነው። የያኔው ሶፍሪቶ በአብዛኛው ሽንኩርትና ስብ ወይም ዘይት ነበር ማለት ይቻላል፤ ከቀይ ይልቅ ወርቃማ።