ካሜራው ይቅደም ወይስ ሌንሱ?

ከጥምቀት በዓል ማግሥት ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት በምሥራቅ ጎጃም ሠርግ የሚበዛ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ልብሱና ጌጡ፥ ማሩና ጌሾው፥ የዳሱ ሸራ ሳይቀር ገበያው የሚደራበት ወቅት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ለመናገር ያሰብነው ግን በዚሁ ወቅት ስለሚፈለግ ስለ አንድ ሌላ ዕቃ፥ ይኸውም ስለ ፎቶግራፍ ካሜራና ስለ ሌንሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የንግድ ቤት የደብዳቤና የፋክቱር ጸሐፊ እንደ መሆኑ መጠን ከደብረ ወርቅ፥ ከቢቸናና ከሞጣ ፎቶ ቤቶች የሚደርሱትን የትእዛዝ ወረቀቶች ያነባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደጋገመው ጥያቄ «ክሮፕ ሴንሰር የሚባለውን ካሜራዬን ሸጬ ፉል ፍሬም ልግዛ» የሚል ነው። ስለ ሌንሱ አስቀድሞ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን ጥቂት ሲሆን የገንዘብ ጉዳት የሚደርሰውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲገባ አስቀድሞ ስለ ልክ መናገር ያስፈልጋል። ሴንሰር የሚባለው በካሜራው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ነው፤ በቀድሞው ዘመን ፊልሙ ይሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬ እርሱ ይሠራል። ፉል ፍሬም ማለት ስፋቱ 36 በ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። ይህ ልክ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኦስካር ባርናክ የተባለው የጀርመን መሐንዲስ የሲኒማ ፊልም ወደ ጎን አስኪዶ የአንዱን ሥዕል ስፋት እጥፍ በማድረግ ያወጣው ሲሆን ላይካ የተባለው ካሜራው በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ለገበያ ቀርቧል። (ከዚህ በታች የካሜራ ዓመታትን የምንጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ክሮፕ ሴንሰር የተባለው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ሰሌዳ ነው፤ በኒኮንና በሶኒ 23.5 በ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል፥ በካኖን ደግሞ ከዚያም ጥቂት ያንሳል። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬሙ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚሆን የሚሰበስበው ብርሃን በዚያው መጠን ይበልጣል። ሰዎች የሚመኙትም ይህንኑ ነው።

ምኞቱ ከንቱ አይደለም። ሙሽሮች በተክሊል ሲጋቡ ሥርዓቱ የሚፈጸመው ማለዳ፥ ወፍራም ግድግዳ ባለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍና በጥቂት አምፑል ብርሃን ነው። በጸሎት ላይ ባሉ ካህናት ፊት ብልጭታ ማብራት ደግሞ ነውር ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ያለ ብልጭታ ለማንሣት ሲል የካሜራውን የብርሃን ስሜት ከፍ ሲያደርገው ሥዕሉ አሸዋ የተነዛበት ይመስላል። በትልቁ ሰሌዳ ላይ ይህ አሸዋ በግልጥ ይቀንሳል። በቀትር ፀሐይም ሌላ ጥቅም አለው፤ የደጋው ፀሐይ ብርቱ በመሆኑ የነጠላው ንጣት ሲታይ የሰው ፊት ይጨልማል፥ ፊቱ ሲታይ ነጠላው ጥለቱ ሳይለይ ጭልጥ ብሎ ይነጣል። ትልቁ ሰሌዳ ሁለቱንም በአንድነት የመያዝ ኃይሉ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ በደብረ ወርቅ አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት የደረሰባቸውን እንመልከት። እኒህ ሰው ኒኮን ዲ 7100 የተባለ፥ 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ ከ18-105 ሌንስ ጋር ነበራቸው። የጥር ሠርግ ሳይደርስ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሁሉ አውጥተው ያገለገለ ኒኮን ዲ 750 ፉል ፍሬም ቀፎ ገዙ። ሻጩ «የድሮ ሌንስዎ ይገጥማል» አላቸው፤ እውነትም ገጠመ። ነገር ግን ያ ሌንስ ለትንሹ ሰሌዳ የተሠራ ስለሆነ አዲሱ ካሜራ ይህን ዐውቆ በሰሌዳው መካከለኛ ክፍል ብቻ ይሠራል፤ ከ24 ሚሊዮን ነጥቡም የሚቀረው 10 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘባቸውን ከፍለው ከድሮው ካሜራቸው ያነሰ ሥዕል ገዙ ማለት ነው። በአልበሙ ላይ ጉድለቱ አልታወቀም። 50 በ 70 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሙሽሮች ሥዕል በታተመ ጊዜ ግን የልብሱ ጥልፍ ደበዘዘና የሙሽራይቱ አባት ቀሪውን ሒሳብ አልከፍልም አሉ። ሠርግ ደግሞ እንደ ሌላ ሥራ «ነገ ደግመን እንሥራው» የሚባል ነገር አይደለም።

የካኖን ነገር ከዚህ ይለያል። ኢኤፍ-ኤስ የሚል ምልክት ያለበት የካኖን ሌንስ መስተዋት ባለው ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ከነጭራሹ አይገጥምም፤ ኢኤፍ ብቻ የሚለው ግን ከ1987 ጀምሮ ለፊልም ካሜራ የተሠራው ሳይቀር ይገጥማል። በኒኮን ለትንሹ ሰሌዳ የተሠራው ሌንስ ዲኤክስ የሚል ምልክት አለበት፤ በሶኒ ደግሞ ኤፍኢ የሚለው ለፉል ፍሬም፥ ኢ ብቻ የሚለው ለትንሹ መሆኑን መለየት ያሻል። ባለ መደብሩ እነዚህን ጥቂት ፊደላት ቢያውቅ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ከክሮፕ ሴንሰር ካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 የሚባለው ሌንስ ራቅ ያለውን ለማቅረብ ሲሳብ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 5.6 ነው። በአንጻሩ ኤፍ 1.8 የሆነ፥ ዙም የሌለው ሌንስ ቢገጠም በዚያው ቅጽበት የሚገባው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ቀፎውን ወደ ፉል ፍሬም መለወጥ የሚሰጠው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መሆኑን ከላይ አይተናል። እንግዲህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የሚቀድመው ሌንሱ ነው፤ ዋጋውም ከፉል ፍሬም ቀፎ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መግቢያው ወለል ብሎ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው ስስ ክፍል ብቻ ስለሆነ ሙሽራው ጠርቶ ከኋላው ያለው ሚዜ ይደበዝዛል፤ ሁለት ሦስት ሰው በአንድነት ሲነሣ ወደ ኤፍ 4 መመለስ ግድ ነው።

በዚህ አስተያየት ክሮፕ ሴንሰር ላለው ሰው መጀመሪያ የሚገባው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። ሲገዛም ለፉል ፍሬም የተሠራውን ቢመርጥ ወደፊት ቀፎውን በለወጠ ጊዜ ሌንሱ ከእርሱ ጋር ይሻገራል። በፉል ፍሬም ላይ ይኸው 35 ሚሊ ሜትር በዳስ ውስጥ ቦታ ጠቦ እንግዳ በተጨናነቀበት ጊዜ ሰፋ አድርጎ ለማንሣት ይጠቅማል። 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሙሽራይቱን ፊት ሳያጣምም ከፈንጠር ብሎ ለማንሣት ተወዳዳሪ የለውም። ሥራው የሰፋለት ሰው 24-70 ኤፍ 2.8 የሆነውን ዙም ይጨምር፤ ዋጋው ከባድ ቢሆንም ካህኑ፥ ሚዜውና ጭፈራው በሚከታተሉበት ሰዓት ሌንስ ለመለወጥ ጊዜ የለም። ለመታወቂያና ለምርቃት ሥዕል ብቻ በስቱዲዮ መብራት የሚሠራ ፎቶ ቤት ግን ፉል ፍሬም ምንም አያደርግለትም፤ በእጁ ያለው ይበቃዋል፥ ገንዘቡን በመብራትና በማተሚያ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

የዳስ ነገር ከተነሣ፥ ሰማያዊ ሸራ በተወጠረበት ዳስ ውስጥ የሰው ሁሉ ፊት ሰማያዊ የሚመስለው በካሜራ ጉድለት አይደለም። በሺሕ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣው ካሜራም ያንኑ ያሳያል። ሸራ የሚያከራዩ ነጋዴዎች ነጩን ቢያበዙ ፎቶግራፍ አንሺው ያመሰግናቸዋል።

ለአስመጪዎች የምንለው አለ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር ከ58 ብር በታች የነበረ ሲሆን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ምክንያት አንድ ቀፎ በመደርደሪያ ላይ ሳይሸጥ ሲቆይ የሚታሰረው ካፒታል ቀድሞ ከነበረው እጅግ ይበልጣል። ብዙዎቹ አስመጪዎች ቀፎ ያበዛሉ፥ ሌንስ ያሳንሳሉ፤ ቀፎው ግን በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ስለሚወጣለት ዋጋው ፈጥኖ ይወድቃል፥ ጥሩ ሌንስ ረዘም ላለ ጊዜ ዋጋውን ይጠብቃል። በሌላ በኩል ኒኮንና ካኖን ከ2018 ወዲህ ፊታቸውን ወደ መስተዋት አልባው ፉል ፍሬም ስላዞሩ፥ መስተዋት ላለው ካሜራ የሚሆን አዲስ ሌንስ በብዛት ማስመጣት አይመከርም። የድሮውን ሌንስ ከአዲሱ ቀፎ ጋር የሚያጋጥመውን አዳፕተር ግን አብሮ ማዘዝ ይገባል። የኒኮኑ አዳፕተር በውስጡ ሞተር ስለሌለው የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የድሮ ሌንሶች በእጅ ብቻ እንደሚስተካከሉ ለገዢው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ከደብረ ወርቅ ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ ዕቃ ለመለወጥ መመላለስ የሠርጉን ትርፍ ይበላል።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ በፋክቱሩ ላይ ቢጽፍ መልካም ነው። ለካኖን 6 ዲ ፋብሪካው የገመተለት 100,000 ጊዜ ሲሆን ለዲ 750 ደግሞ 150,000 ነው። ሌንሱን በባትሪ ብርሃን ከኋላ አብርቶ ማየትም ግድ ነው፤ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ስለሆነ መግዛት አይገባም። ይኸው ሻጋታ በክረምት እርጥብ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን አዲስ ሌንስም ስለሚይዝ፥ እስከ ጥር ድረስ የሚቆይ ዕቃ ክዳኑ በሚጠብቅ ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ከረጢት ጋር ይቀመጥ። ለጥር ሠርግ የሚሆን ትእዛዝ በመስከረም ቢጻፍ ባለ ፎቶ ቤቱ ሌንሱን በኅዳር ማርያም በዓል ላይ ሞክሮ፥ የማይስማማውን ሠርጉ ሳይደርስ ለመለወጥ ጊዜ ያገኛል።