«ዛሬ ምን ተማርህ?» — «ሀሁ»



መስከረም በጠባ ቁጥር አባትና እናት ልጃቸውን ለአንደኛ ክፍል ያስመዘግባሉ፤ ደብተርና እርሳስ ይገዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቻችን ነገሩን ለመምህሩ ትተን እስከ ፈተና ድረስ አንጠይቅም። ማታ ከመሥሪያ ቤት ስንመለስ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብንል ልጁ «ሀሁ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትንሽ ስለሚመስለን ወደ ሌላ ጉዳይ እናልፋለን። የዛሬው ንግግር ይህ ትንሽ የሚመስል መልስ ምን ያህል ሥራ እንደ ያዘ ለመግለጥ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌውን ከላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ካለው ከላስታ ደጋ ወስደነዋል፤ በዚያ አገር ፊደል የሚቈጠርበት አሮጌው መንገድና አዲሱ መንገድ ጎን ለጎን ይገኛሉና። ከዚህም በቀር የመስከረምና የጥቅምት ትምህርት ሲታጐል የሚመጣው ጉዳት በዚያ ጐልቶ ይታያል።

አሮጌው መንገድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሕፃኑ በየኔታ ፊት ተቀምጦ፥ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቈመ «ሀ ግዕዝ፥ ሁ ካዕብ፥ ሂ ሣልስ» እያለ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ አገር ነው፤ ይሁን እንጂ የቅኔው ባለሙያም ቢሆን የጀመረው ከዚሁ ከሀሁ ነው። አባቶቻችን አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ልጅ ጆሮው ፈጣን ስለ ሆነ ፊደሉን ሳያይ ዜማውን ብቻ ይይዛል፤ ጣቱ ለ ላይ ሳለ አፉ መ ይላል። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። በአቡጊዳ አ በግዕዝ፥ በ በካዕብ፥ ገ በሣልስ፥ ደ በራብዕ፥ ሀ በኃምስ፥ ወ በሳድስ፥ ዘ በሳብዕ ይሰለፋሉና «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይባላል። የለመደው ዜማ ስለሚሰበርበት ልጁ ዐይኑን ወደ ገበታው ለመመለስ ይገደዳል። ይህን ዘዴ ያወጣ ሰው የልጅን ጠባይ በሚገባ ያወቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ከአቡጊዳ በኋላ የዮሐንስ መልእክት፥ ከዚያም ዳዊት ይከተላል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው መምህር ግን እንዲህ ያለ ጊዜ የለውም። በክፍሉ ብዙ ልጆች ተሰብስበው፥ አንዳንዱ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሮ፥ አንዳንዱ በዜሮ ክፍል ቆይቶ፥ ሌላው እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሆኖ ይመጣል። በዘመኑ የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ 33ቱን የፊደል ቤት በአንድ ጊዜ ማዝለቅ ቀርቶ፥ ጥቂት ፊደሎች ተመርጠው ድምፃቸው ይሰማል፤ ቅርጻቸው ይጻፋል፤ ወዲያውም በእነዚያው ፊደሎች ቃል ይመሠረታል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ግዕዝ 26 የፊደል ቤት ሲኖረው አማርኛ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ኸ፥ ዠ፥ ጀ፥ ጨን ጨምሮ 33 አድርሶታል። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እንደ ቈ እና ጐ ያሉት ዲቃላዎች 20 ናቸው፤ እነርሱ ግን ቆየት ብለው ይመጣሉ። 231 ቅርጽ ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ ሆኖም ሸክሙን የሚያቀል ሥርዓት አለ። ካዕብ በወገቡ በቀኝ በኩል ቅጥያ ያበጃል፤ ለ ሉ፥ በ ቡ፥ ሰ ሱ ይሆናል። ኃምስ በእግሩ ቀለበት ያስራል፤ ሌ፥ ቤ፥ ሴ። ይህን ሥርዓት የጨበጠ ልጅ አንዱን ፊደል ሲያውቅ ዘመዶቹን ያውቃል። እርግጥ ነው፥ እንደ ሩ እና ፉ ያሉት ከሥርዓቱ ይወጣሉ፤ እነርሱን መልመድ እንጂ ሌላ መላ የለም።

ልጆች ከሚሳሳቱባቸው አንዱ ራብዕና ሳብዕ ነው። ባ በቀኝ እግሩ፥ ቦ በግራ እግሩ ይረዝማል፤ ሳ እና ሶም እንዲሁ ናቸው። ቀኝና ግራውን ገና ያለየ ሕፃን ሁለቱን ቢያምታታ ሰነፍ ነው ሊባል አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ሳድስ ነው። ቅርጹ እንደየፊደሉ ይለያያል፤ ድምፁም አንዳንዴ አናባቢ አለው፥ አንዳንዴ የለውም። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ አምስቱም ፊደሎች ሳድስ ናቸው። ልጁ እያንዳንዱን ነጥሎ ሲጠራ ት፥ ም፥ ህ፥ ር፥ ት ይላል፤ ቃሉ ግን አይወጣለትም፤ የትኛውን አናቦ የትኛውን ማስከተል እንዳለበት ፊደሉ አይነግረውምና። የሚነግረው አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀው ቃል ነው። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ናቸው። የላሊበላ ልጅ «ገና» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ካህናቱ «ቤዛ ኵሉ» የሚሉበትን ታላቁን በዓል ነው ወይስ «ጊዜው ገና ነው» የሚባለውን ገና? ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተረት የሚነገረው፥ ስለ ነገሩ ሁሉ የሚጠየቅና መልስ የሚሰጠው ልጅ፥ ወላጆቹ ማንበብ ባይችሉም እንኳ፥ ለንባብ ስንቅ ይዞ ይመጣል።

ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነው ፊደሎች ብዙ ክርክር ተደርጓል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ እንዲሁም እሳቱ ሰ፥ ንጉሡ ሠ ብለው ይለዩአቸዋል። ለጀማሪ ግን ከእነዚህ አንዱን አጽንቶ ይዞ ሌሎቹን ቀስ በቀስ ማስተዋወቅ የተሻለ ይመስለኛል። ልዩነቱ ይጥፋ ማለቴ አይደለም፤ በመስከረም አይጀመር ማለቴ ነው።

ልጆቹ በዚሁ ወቅት በጠጠርና በእንጨት ይቈጥራሉ፤ መደመርንም ይጀምራሉ። እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ስለሚጀምር 26ቱ የላቲን ፊደሎች በዚያው ዓመት ይመጣሉ።

ይህ ሁሉ የሚጀመረው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በላስታ ደጋ ግን ይህ ወቅት እህሉ የሚያፈራበት ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ያለው ገበሬ ገብሱን ከጭላዳ መጠበቅ አለበት፤ ጥበቃውም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለልጅ ነው። አባትየው በልጁ ጨክኖ አይደለም፤ አንድ ቀን ዘወር ቢባል የዓመቱ ቀለብ ይጐዳል። ልጁ ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ሲመጣ ጓደኞቹ ቃል መመሥረት ጀምረዋል፤ እርሱ ደግሞ ባ እና ቦን አልለየም። አጠገቡ ካለው ልጅ አፍ እየሰማ ይደግማል፤ መምህሩም ያነበበ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ልጅ ቍጥሩ ጥቂት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፥ ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከ100ው 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የባሰ መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ስለ ደረሰ የ2014 ዓ.ም. መስከረም ለላስታ ልጆች ደወል ያልተደወለበት መስከረም ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ቀርተዋል። እንዲህ ካለው ጊዜ በኋላ የሚመዘገበው የዐሥር ዓመት ልጅ ቁመቱ ለአራተኛ ክፍል ይበቃል፤ ፊደሉ ግን ሀ ላይ ነው።

ለዚህ ልጅ የሚሆነው መላ ዕድሜው ወደሚፈቅደው ክፍል መግፋት ሳይሆን፥ በየቀኑ ለብቻው ጊዜ ተሰጥቶት ከፊደሉ መጀመር ነው። በከተማ ያለን ወላጆችም ልጃችን ማንበቡን ለማወቅ ሀሁን በዜማ አናስብለው፤ በዚያ ሁሉም ያልፋል። ከጋዜጣ ርእስ ላይ አንድ ፊደል በጣት ሸፍነን ቀጥሎ ያለውን እንጠይቀው፤ ወይም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እናስነብበው። ዐይኑ ከፊደሉ ላይ ተነሥቶ ወደ ፊታችን ቢመለከት፥ ገና በጆሮው እየሄደ ነው ማለት ነውና ያን ማታ ከአቡጊዳ እንጀምርለት።