የምድጃው ማዞሪያና የእሳቱ ቦታ

አራት እሳት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ በገባበት ቤት፥ እመቤቲቱ ወጡን አሞቃለሁ ብላ ባዶውን እሳት ስታግል፥ ኋላም ራስዋን ስትነቅፍ ማየት የተለመደ ነው። እሳቶቹ ኹለት በፊት ኹለት በኋላ ኾነው ሳሉ ማዞሪያዎቹ በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋልና፥ የትኛው የትኛውን እንዲያዝ ለመወሰን 24 ዐይነት መንገድ ይገኛል። ይህን በቃልሽ ያዢ ማለት ከፍርድ የራቀ ነው።

አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረባው ጋራ ይህንኑ መርምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. አሳትሟል። አራት ዐይነት አቀማመጥ በሰዎች ቢያስፈትን፥ የኋለኞቹ እሳቶች ከፊተኞቹ ጥቂት ፈቀቅ ብለው እያንዳንዱ በማዞሪያው አንጻር በተቀመጠበት ምድጃ ላይ አንድም ስሕተት አልተገኘም፤ በቀሩት ሦስቱ ላይ ግን ስሕተቱ ብዙ ነበር።

ይኸው ሊቅ ቀድሞ በኹለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚህ የከበደ ነገር ገጥሞት ነበር። ቢ 17 የሚባሉት ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች በደኅና ካረፉ በኋላ፥ አንዳንድ አብራሪዎች የክንፉን መክደኛ እናጥፋለን ሲሉ መንኰራኵሩን እያጠፉ አይሮፕላኑ በሆዱ ይወድቅ ነበር። ጥፋቱም የአብራሪው ነው ይባል ነበር። ቻፓኒስ ግን ቢመለከት ኹለቱ ማዘዣዎች ጎን ለጎን ያሉ፥ መልካቸውም የሚመሳሰል ኾኖ አገኘው። ባንዱ ጫፍ ላይ የመንኰራኵር፥ በሌላው ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ቢያደርግበት፥ ዐይን ሳያይ እጅ የሚለየው ኾነ።

ዛሬ ኰምፒዩተርና የእጅ ስልክ የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት ትምህርት ከዚህ ዐይነቱ ምርመራ የተወለደ ነው። ዶናልድ ኖርማን የተባለው ሊቅም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ስለ ምድጃውና ስለ በር እጀታ ሳይቀር አስፍቶ ጽፏል። ዕቃ ምን እንደሚደረግበት በመልኩ ሊናገር፥ ሲነካ ወዲያው መልስ ሊሰጥ፥ የተሳሳተውንም ሰው ወደ ነበረበት ሊመልስ ይገባዋል። እኔስ ይህ የመጨረሻው ከኹሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። አሮጊቲቱ እናት ልጅዋ የሰጣትን ስልክ የማትነካው ማስተዋል አንሷት ሳይኾን፥ አንድ ነገር ብታጠፋ የምትመልስበት መንገድ ስላልታያት ነው። ገንዘብ በስልክ ሲላክ፥ አስቀድሞ የተቀባዩን ስም አሳይቶ «ልላክ ወይ?» የሚል ስልክ ፍርሃትዋን ያቀልላታል።

ምድጃው ግን አንድ ጊዜ ተገዝቶ ገብቷልና፥ በየማዞሪያው ራስጌ አራት ነጥብ በቀለም ስሎ፥ የሚያዘውን እሳት ነጥብ ብቻ ቀይ ማድረግ ይበቃል። አዲስ የገባች ወጥ ቤትም ማንንም ሳትጠይቅ ታበስልበታለች።