ለጓሮ ዶሮ ቤት የሶላር መብራት፦ ስንት ሰዓት ይብራ?

እንቁላል ጣይ ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። በሀገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 3 ሰዓት እንጨምርላት።

ስናሰላው፣ ባለ 5 ዋት አምፖል በ3 ሰዓት 15 ዋት-ሰዓት ይወስዳል። ባለ 10 ዋት ሶላር በ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ 50 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ብክነቱ ተቀንሶም ይበቃል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ደመናማ ቀን ያሻግረናል።

መብራቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በታይመር ይብራ። ማታ ብናበራው ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ያልወጡት ጨለማ ይይዛቸዋል። መጣል ላልጀመሩ ቄቦች አናብራ።

ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ግን ስስት ነው። አላህ ሌሊትን ማረፊያ አድርጎታል፤ እንቅልፍ የዶሮዎቹም ሐቅ ነው። እጃችን ላይ ያሉ አማና ናቸውና።